የሽመላዋ ሁለተኛ እግር

ሁለተኛውን እግር የጨመርኩት እኔ ነኝ። ከአንድ ሰው በቀር ይህን ለማንም አምኜ አላውቅም፤ የሚጠይቀኝ ሲመጣ «ሥራዬን ሠራሁ፣ ምን አጠፋሁ?» እያልኩ ኖሬአለሁ። አሁን የሚጠይቀኝም ስለሌለ እኔው ልናገር። ጽሕፈቴ የልጅ ነው። አባቴ አንኮበር የደብር ቄስ ነበሩ፤ ፊደል አስቆጠሩኝ፣ ዳዊት መሃል ስደርስ ጥያቸው ጠፋሁ። ቃሉ የተጣመመበትን አንባቢው ያቅናው።

የጠፋሁት አዲስ አበባ ነው። እዚያ አንድ አርመን ፎቶ አንሺ ቤት ውኃ እየቀዳሁ፣ መስተዋት እየወለወልኩ ቆየሁና ፊልም ማጠብ ተማርኩ፤ በኋላም ሪቱሹን። ሪቱሽ ማለት የታጠበውን ፊልም በእርሳስና በምላጭ ማረም ነው። ፊልም ላይ ሁሉ ነገር ተገላቢጦሽ ነው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር። የሰው ፊት ላይ ያለ ጠባሳ ፊልሙ ላይ እንደ ቀዳዳ ብርሃን ያሳልፋል። እሱን በሹል እርሳስ ስትሞላው ወረቀቱ ላይ ፊቱ ልስልስ ብሎ ይወጣል። የሌለ ጥቁር ነገር ልጨምር ያልክ እንደሆነ ደግሞ ፊልሙን በምላጭ ትፍቃለህ። የእርሳሱ ሥራ አኳራጅ፣ ያ ቀለም ማቅጠኛው፣ በነካው ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል። የምላጩ አይለቅም። የተፋቀ ተፋቀ።

ደብረ ብርሃን ላይ የራሴን ፎቶ ቤት ስከፍት ይዤ የመጣሁት ይህንኑ ነው። የሀገሬ ሰው ፎቶ ላይ ጎደሎ ሆኖ መውጣት አይወድም። ወደ ጎን ዞሮ የተነሣ አንድ ባላገር «ሌላኛውን ጆሮዬን የት አደረስከው?» ብሎ ዱላ አንሥቶብኛል። እግር በእግር አነባብራ የተነሣች ሙሽራ ነበረች፤ እናቷ «ልጄን በአንድ እግር ለአማት ቤት ልትልካት ነው?» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። አንድ ዓይኑ የፈሰሰ ሰው መጣ፤ ዓይኑን ሠራሁለት። ወረቀቱን ሲያይ ቆይቶ እጄን ጨብጦ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሳልጠየቅም እሠራ ጀመር። ጎደሎ ከቤቴ አይወጣም አልኩ።

ሚስቴን ያጣሁትም በዚሁ ነው።

ልጅ ሳለች ፈንጣጣ ነክቷት ግንባሯና ጉንጯ ተበሳስቷል። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ሰዓሊ ሸራ ላይ ከሣለልኝ ሐይቅ ፊት አስቀምጬ አነሣኋት። ሦስት ቀን ሙሉ ፊልሙ ላይ አጎንብሼ በእርሳስ ሞላኋት፤ አንድ ነጥብ አላስቀረሁም። ደስ ይላታል ብዬ ነው። ወረቀቱን ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ይዛው ሄደች።

«ይቺ ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ አይደለሁም። ፊቴ የት ሄደ?»

«አሳመርኩልሽ።»

«ማን አሳምርልኝ አለህ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስታየኝ የኖርከው ይቺን ነው እንግዲህ።»

«አሁን ይሄ ምን ያስቆጣል?» አልኩ። ስህተት የለበትም አልኩ። ሰው ሁሉ የሚለምነኝን ላንቺ በነፃ ሠራሁ አልኩ። ያልኩት በዛ። በሳምንቱ ለእነዋሪ ገበያ ከሚወርዱ ዘመዶቿ ጋር በቅሎ ላይ ወጣች፤ ወደ እናቷ ቤት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥላልኝ ሄደች። ይብረድላትና ትመለሳለች ብዬ ተቀመጥኩ። ሄዶ መለመን የኔ ነገር አይደለም። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ።

ፎቶ ቤት ሰው ይበዛበታል ይላሉ። ይበዛበታል። ግን የሚገባው ሁሉ ሊነሣ ነው የሚገባው፤ ተነሥቶ ይሄዳል። ቀን ሙሉ «ቀና በል፣ ዓይንህን አትጨፍን» ስል እውልና በሩን ስዘጋ ለራሴ የምለው አንድ ቃል አጣለሁ። በሶዬን በጥብጬ እጠጣለሁ። ወንበሮቹ ሁሉ የደንበኛ ናቸው፤ ሁለቱ ከሐይቁ ፊት ተደርድረው ባዶአቸውን ያዩኛል።

እንዲህ እያለሁ ነው ያ ፈረንጅ የመጣው። በሃምሳዎቹ ዓመታት ወደ መጨረሻው ገደማ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው፤ እኛም ሙሴ አልነው። የመንገድ ማሽን መካኒክ ነው፤ ከከተማው ዳር ድንኳን ተክለው ከሰፈሩት አንዱ። ጓደኞቹ ቅዳሜ ሲሆን አዲስ አበባ ሲበሩ እሱ ካሜራውን አንግቶ በሬሳ ወንዝ ዳር ወዳለው ረግረግ ይወርዳል። እግረ ረጃጅሞቹን ወፎች ነው የሚከተል፤ ሽመላ፣ ሳቢሳ፣ ጋጋኖ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነው። ሲመለስ በኔ በር ያልፍና ይገባል፤ መጀመሪያ ፊልም ሊጠይቅ፣ በኋላ እንዲሁ።

አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። «አንቺ ደህና ነሽ?» እያለ ነው የሚገባው። ከጎኔ ፀጉር የሚቆርጥ የአልዩ አምባ እስላም ነበር፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፤ ይህን ከሰማ ወዲህ ሙሴ ብቅ ሲል ከደጁ ይጮህብኛል።

«አንቺ! እንግዳሽ መጣ፣ ተነሺ አበጥሪ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ምላጭህን ያዝ፤ የሰው ጆሮ ልትቆርጥ ነው።»

«ወላሂ፣ ብቆርጥስ አንቺ ትቀጥይው የለ!»

ሙሴ ከኮቱ ኪስ የሰርዲን ጣሳ ያወጣል፣ እኔ ቂጣ አቀርባለሁ። ከሐይቁ ፊት ባሉት ሁለት ወንበሮች ላይ ተቀምጠን እንበላለን። ብዙ አንነጋገርም። አንድ ጊዜ ብቻ ሸራውን አይቶ «ባሕሩ ጥሩ። ወፍ ግን የለችም» አለ።

አንድ ቅዳሜ ስምንት ስላይድ አመጣ። ስላይድ ማለት በካርቶን የተከፈፈች፣ የክብሪት ቤት የምታህል የቀለም ፊልም ናት፤ ለብርሃን ስትይዛት ሥዕሉ ከነቀለሙ ይታያል። አገሩ ተልኮ ታጥቦ በስንት ወር የተመለሰ ነው። አንዷን አንሥቼ በመስኮቱ አየሁ። የበሬሳ ረግረግ፣ አረንጓዴው ሣር፣ ውኃው፣ መሃል ላይ ነጭ ሽመላ፤ አፏ ቀይ፣ እግሯ ቀይ። እዚያ ረግረግ ዳር ስንት ዓመት ኖሬ እንዲህ አላየኋትም።

«ጥቁርና ነጭ አድርጊልኝ» አለ። አገሩ ወፍ የሚወዱ ሰዎች የሚያሳትሙት መጽሔት አለ፤ ቀለም አያትምም። ስላይዶቹን ደግሞ ለፖስታ አያምንም። ለመጽሔቱ የሚልከውን አንድ ወሬ ሦስት ዓመት ሲጽፍ እንደቆየ በእጁም በአፉም አስረዳኝ። ምን ወሬ እንደሆነ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ሥራው ካማረ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ካላማረ ግን ያቺ ሁለተኛ ወንበር የደንበኛ ብቻ ሆና ትቀራለች። እሱ ማሽን ሊጠግን ወደ ሌላ ሰፈር ለሦስት ሳምንት ሲሄድ እኔ ሥራውን እንደ ጾም ያዝኩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ደፍኜ የስላይዷን ያህል ቀዳዳ ተውኩ፤ ከጀርባዋ ብርሃኑን የሚያለዝብ ስስ ወረቀት አደረግኩ። ስላይዷን በእንጨት ፍሬም ቀዳዳው ላይ አጣብቄ፣ ትልቁን ካሜራ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግቼ በጥቁርና ነጭ ፊልም አነሣኋት። የነበረኝ ፊልም ቀይን የማያውቅ ዓይነት ነው፤ ቀይ ያየውን ሁሉ ጥቁር አድርጎ ያወጣል። ለሰው ፊት ያስቸግራል፤ ለሽመላ እግር ግን የተሠራ መሰለኝ። ደብረ ብርሃን በጥር ውርጭ ነው፤ ማጠቢያው መድኃኒት በብርድ ይተኛል። ሳህኑን ከሰል ላይ አሙቄ፣ ጣቴን እየነከርኩ ሙቀቱን እየለካሁ አጠብኩ። ሥዕሉ ወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ ያ ሁሉ አረንጓዴ አመድ ሆኖ፣ ውኃው ነጥቶ፣ ወፏ ብቻዋን ቆማ ታየችኝ። ቀለሙ ሳለ ከሣሩ ጋር ነበረች። ቀለሙ ሲሄድ ብቻዋን ቀረች።

የቆመችውም በአንድ እግር ነው።

ከስምንቱ በሰባቱ ላይ ወፎቹ በአንድ እግር ቆመዋል። ወፍ አንድ እግሯን አጥፋ እንደምትቆም አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። ነገር ግን ፎቶ ነው። ባሕር ማዶ ሊሄድ ነው። ከኔ ቤት የወጣ፣ የኔ ሥራ። የፈረንጅ አገር ሰው አይቶ «የሐበሻ ወፍ ሁሉ አንካሳ ነው» ሊል ነው። ምላጬን ሳልኩና ፊልሙ ላይ ውኃው ባለበት፣ ከጉልበቷ አጠፍ አድርጌ ፋቅኩ። ጥቁር፣ ቀጭን፣ ደህና እግር ወጣ። ለሰባቱም ሠራሁ። እጄ ያን ያህል ጸንቶልኝ አያውቅም።

ፀጉር ቆራጩ ወረቀቶቹ ገመድ ላይ ሲደርቁ ገብቶ አየ። አንዷን ዝቅ ብሎ አያትና መሣቅ ጀመረ።

«ምን ያሥቅሃል?»

«ይቺ ሽመላ ልትሰግድ ነው እንዴ? ጉልበቷ እንደ ሰው ወደፊት ታጥፏል!»

«ሂድ ወደ ሥራህ!»

እውነቱን ነው። የለመድኩት የሰው እግር ነው። ግን አንዴ ተፍቋል። ማንም ልብ አይለውም አልኩ።

ሙሴ ሲመለስ ሰርዲኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሳይቀመጥ ወረቀቶቹን አነሣ። የመጀመሪያዋን አይቶ ፊቱ በራ። ሁለተኛዋን አየ። ሦስተኛዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋት። በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

«ይህ እግር የማን ነው?»

«የሷ ነዋ!»

«እሷ የለውም።»

«አጥፋው ነው። እኔ ዘረጋሁላት።»

«አላጠፈችም።» አራቱን ወረቀቶች ለይቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «እነዚያ አጠፉ። ይቺ አራት ፎቶ አንድ ወፍ ናት። እግር ተቆርጧል። የለም።»

ከዚያ በዚያ ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛው ነገረኝ። ይህች ሽመላ ክረምት ሲወጣ ከነሱ አገር ተነሥታ፣ ባሕር ተሻግራ፣ በበሬሳ ረግረግ ታርፋለች። ከፋሲካ በፊት ትመለሳለች። ሦስት ዓመት ነው ያያት፣ በአንድ እግሯ። ሦስት ዓመት ሲጽፍ የኖረው ወሬ ይኸው ነው፤ ሌላ ወሬ የለውም።

እዚህ ላይ «አላወቅኩም ነበር» ብል ያልቅ ነበር። እኔ ምን አልኩ?

«በሁለት እግር ብትመጣ ምን ይጎዳታል? እግዜር የነሳትን እኔ መለስኩላት።»

«እግዜር አይደለም» አለ፤ አልጮኸም። «አንቺ ነሽ። ሁለት እግር ካላት እንደ ሌላ ወፍ ናት። እኔ አላውቃትም።»

«ሥራዬን ሠራሁ! ምን አጠፋሁ?»

ስላይዶቹን ሰብስቦ በኪሱ ከተተ። ወረቀቶቹን አልወሰዳቸውም። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። በኃይል ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር። የሰርዲኑ ጣሳ ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

በማግሥቱ ጥቁሩን ጨርቅ ከመስኮቱ ላነሣ ስል አንዲት ስላይድ ፍሬሙ ላይ እንደተጣበቀች አገኘሁ። ያቺው አንካሳዋ ናት። ደስ አለኝ። ረስቷታል፣ ሊወስዳት ይመጣል አልኩ። ቅዳሜ ቂጣ ጋገርኩ። አልመጣም። በሚቀጥለውም ጋገርኩ። ፀጉር ቆራጩ ከደጁ ሆኖ አየኝ፤ «አንቺ» አላለኝም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የከበደኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ፎቶ ቤቱን ዘግቼ ረግረጉ ወረድኩ። ልብሴን ከሰል አጥቁሮት ከሰል ነጋዴ ሳልመስል አልቀረሁም፤ ማንም ልብ አላለኝም። ሽመላዎቹ ሠላሳ ያህል ይሆናሉ፤ ሣሩ ውስጥ አንበጣ እየለቀሙ በሰልፍ ይሄዳሉ። እሷ ከሰልፉ ኋላ ነበረች። ሌሎቹ ሲራመዱ እሷ ትነጥራለች፤ ትቆማለች፣ ክንፏን ገርበብ አድርጋ ሚዛኗን ትጠብቃለች፣ ደግሞ ትነጥራለች። ከጉልበቷ በታች ምንም የለም። የደነገጠች ላም መጣችና መንጋው ተነሣ፤ ሌሎቹ ሮጠው ነው የሚነሡት። እሷ መሮጥ አትችልም። ወደ ነፋሱ ዞረች፣ ክንፏን ዘረጋች፣ ነፋሱ እስኪመጣ ጠበቀች። መጣ። ተነሣች።

ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እኔ የፋቅሁላት እግር ለማን እንደነበረ እንጃ። ለሷ አልነበረም።

ቤቴ ተመልሼ ያቺን ስላይድ እንደገና አነሣኋት። አጠብኩ፣ አተምኩ። ምላጩ አጠገቤ ነበር። እጄ እየበላኝ ሳህኑ ላይ ትኩር ብዬ አየኋት፤ ጥቁር አንድ እግር፣ ነጭ ውኃ። ምላጩን አንሥቼ ለፀጉር ቆራጩ ሰጠሁት።

«ምን ልሠራበት?»

«ጢም ላጭበት። የመንገዱ ሰዎች የት ናቸው?»

«ድንኳናቸውን ነቅለው አንኮበር ወጡ። አልሰማህም እንዴ? ሁለት ሳምንት አለፋቸው።»

አባቴን ከቀበርኩ ወዲህ አንኮበርን አልረገጥኩም ነበር። ድንጋይ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ወጣሁ። ገደሉ ጉም ነው፤ የአባቴ ደብር ደወል ከጉሙ ውስጥ ይሰማል እንጂ ደብሩ አይታይም። ሙሴን ከማሽን ሥር ተጋድሞ አገኘሁት። የእጁን ግራሶ በጨርቅ ጠርጎ፣ የሰጠሁትን ፎቶ በጠርዙ ይዞ አየው።

«አንድ» አለ።

«አንድ» አልኩት።

«ጉልበት?»

«አልነካሁም።»

ሣቀ። ስላይዷን ከኪሴ አውጥቼ «ረስተሃት ነበር» አልኩት።

«አልረሳሁም። ተውኳት።»

ሌላ ነገር ልናገር ነበር የሄድኩት፤ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነው የወጣሁት። በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፤ «እግሩን… እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ።

መንገዱ ወደ ቆላ ሊወርድ ነው፤ እሱም አብሮ ይወርዳል፤ ከዚያ አገሩ ይገባል። ይህን የነገረኝ ሰርዲን እየከፈተ ነው። ማሽኑ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን በላን። ያ መጨረሻው ሆነ።

ደብረ ብርሃን እንደገባሁ የሚስቴን ፊልም ከሣጥኑ ሥር አወጣሁ። ጨርቅ አኳራጅ አስነክቼ አሸሁት። የሦስት ቀን እርሳስ በአንድ አፍታ ለቀቀ። ነጥቦቹ አንድ ባንድ ብቅ አሉ፤ ግንባሯ፣ ጉንጯ፣ ከአፏ ጥግ ያለችው ትልቋ። አተምኩት። ወደ እነዋሪ ጌሾ ለምትወስድ ባልቴት፣ ለሚስቴ እንድታደርስልኝ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። መልእክት አልጨመርኩበትም።

በወሩ ባልቴቷ በደጄ አለፈች።

«እትዬ፣ ሰጠሽልኝ?»

«ሰጠሁልህ።»

«ምን አለች?»

«ምን ትላለች፤ ወደ በሩ ይዛው ሄደች፣ ብርሃን ወዳለበት። አየችው፣ አየችው። ‹ይቺን አውቃታለሁ› አለችና ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን ልትል? ጠላ ቀዳችልኝ፣ ጠጥቼ ወጣሁ።»

ትመጣለች ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ባልቴቷም ከዚያ በላይ አልነገረችኝም። ከዚያ በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ገርበብ አድርጌ መተው ጀመርኩ። ፀጉር ቆራጩ «አንተ ሰው፣ በዚህ ውርጭ ልትሞት ነው፣ ዝጋው!» ይለኛል።

«ለብርሃኑ ነው» እለዋለሁ።